የአበበ ባዶ እግርና የእኔ 42 ቁጥር ጫማ

ጫማ መግዛት ዕውቀት የሚጠይቅ ነገር አይመስለኝም ነበር። ሰው ብሩን ይዞ ይገባል፣ ቁጥሩን ይናገራል፣ ይከፍላል፣ ይወጣል። በ2010 ዓ.ም. ኅዳር ወር ደሴ ፒያሳ ካሉት ጫማ ቤቶች ወደ አንዱ ስገባ የነበረኝ እምነት ይኸው ነበር። ዕድሜዬ 42፣ የጫማዬ ቁጥርም 42። ሊያመልጠኝ ከተነሣ አውቶቡስ ኋላ ካልሆነ በቀር ሮጬ የማላውቅ ሰው፣ በዚያች ቅዳሜ የመሮጫ ጫማ ገዛሁ።

የመረጥኩት በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ቀለሙ ሲሆን ደማቅ ብርቱካናማ ነበር። ሁለተኛው በቴሌቪዥን የማውቃቸው ሯጮቻችን ጫማ ላይ ያየሁትን ምልክት መያዙ ነው። ምልክቱ ኦሪጅናል ይሁን ኮፒ ለማጣራት አልሞከርኩም። ጣቶቼ የጫማውን ጫፍ ሲነኩ ቅር ቢለኝም፣ ሻጩ ልጅ ሲለበስ እየሰፋ እንደሚሄድ አረጋገጠልኝ። እኔም አመንኩት። ማመን ስለፈለግሁ ነው።

ወደ ሩጫ የገፋኝ ስፖርት መውደድ አይደለም፤ ፍርሃት ነው። ለሥራ ሐይቅ ከተማ ከተመደብኩ ጥቂት ወራት ቢሆነኝ ነው፤ ምርመራ አድርጌ ስኳሬ ከድንበሩ ላይ መቆሙ ተነገረኝ። ሐኪሙ ክብደት እንድቀንስ፣ እንድንቀሳቀስ መከረኝ። ይህ ለሌላ ሰው ተራ ምክር ሊሆን ይችላል። ለእኔ ግን አልነበረም። አባቴ የስኳር ሕመምተኛ ነው። ለዘመድ ሠርግ ብሎ ያደረገው አዲስ የቆዳ ጫማ ተረከዙን ላጠው። ስኳር የእግርን ነርቭ ሲያደነዝዝ ሰው ቁስሉ አይሰማውምና፣ እሱም እኛም ነገሩን ያወቅነው ካመረቀዘ በኋላ ነው። መጨረሻው ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች መቆረጥ ሆነ። እንግዲህ በእኛ ቤት ጫማና እግር የጨዋታ ጉዳይ አይደሉም። ይህን እያወቅሁ ነው እንግዲህ በቀለም የመረጥኩት።

ሐይቅን ያላያችሁ አንባቢያን ብትኖሩ፣ ከደሴ በስተሰሜን ወደ ወልዲያ በሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ የምታገኟት ከተማ ናት። ስሟን የሰጣት ውሃ አጠገቧ ተኝቷል። በውሃው ዳር በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። ከከተማዋ አልፎ ወደ ሰሜን ሲሄዱ ደግሞ የአምባሰል ተራሮች ይጀምራሉ። አዲስ አበቤው አምባሰልን የሚያውቃት ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶች የአንዱ ስም ሆና ነው። ከከፍታው የተነሣ አየሩ ንጹሕና ቀዝቃዛ ነው፤ ለጀማሪ ሳንባ ግን አይራራም።

የመጀመሪያው ጠዋት 10 ደቂቃ ሮጥኩ። በሁለተኛው ሳምንት ሁለቱም ተረከዞቼ ውሃ ቋጠሩ፤ የግራው አውራ ጣቴ ጥፍር ጠቆረ። ቅልጥሜ ሌሊት ሌሊት ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ጫማው አልሰፋም። እግሬ ግን ሲሮጥ አብጦ እሱ ሰፍቶ ነበር። አባቴን እያሰብኩ ቁስሌን በባትሪ አየሁ፤ ሩጫውንም ለማቆም ወሰንኩ።

ከማቆሜ በፊት ግን አንድ ሞኝነት ቀርቶኝ ነበር። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶን አሸንፎ የለም እንዴ? እኔ ለ10 ደቂቃ ምን ያንሰኛል? አንድ ማለዳ ጫማዬን በእጄ ይዤ በሐይቁ ዳር መንገድ ላይ በባዶ እግሬ ሮጥኩ። 200 ሜትር እንኳ አልሄድኩም፤ ስለታም ጠጠር ውስጥ እግሬን ቆረጠው። ደሙን እያበስኩ እያነከስኩ ስመለስ ጎረቤቴ ጋሼ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ የውጫሌ ልጅ። የሆነውን ነገርኳቸው፤ አበበንም ጠቀስኩ። የሚስቁብኝ መስሎኝ ነበር። ተቆጡኝ። እሳቸው ራሳቸው ከቤታቸው እስከ ትምህርት ቤት በባዶ እግራቸው ሲመላለሱ ያደጉ ሰው ናቸው፤ የመጀመሪያ ጫማቸውን ያደረጉት 8ኛ ክፍል ሲገቡ ነው። ባዶ እግርን እንደ ጀብዱ የሚያወራ ጫማ ያላጣ ሰው ብቻ መሆኑን ነገሩኝ። አያይዘውም የአበበን ስም እንጂ ሕይወቱን እንደማላውቅ አስረዱኝ። እውነታቸውን ነበር። ከዚያ በኋላ ቁስሌ እስኪድን የአበበን ታሪክ ሳነብና ሳስነግር ከረምኩ። ያገኘሁት ሰው ከማውቀው ሰው የተለየ ነበር።

አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። አጋጣሚ ሆኖ ያ ቀን በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ማራቶን የተሮጠበት ቀን ነበር። ልጅነቱን ያሳለፈው የጣሊያን ወረራ በመጣበት ዘመን ነው። ካደገ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ። በዚያ ዘመን ከኢትዮጵያ ስፖርት ጋር ይሠራ የነበረው፣ ከፊንላንድ የሚወለደው ስዊድናዊ ኦኒ ኒስካነን አገኘው። ሁለቱ አሠልጣኝና ሯጭ ብቻ ሆነው አልቀሩም። ኒስካነን በድልም በመከራም ከአበበ ያልተለየ ሰው ነው። በሠፈሩ ውስጥ ወታደሮች በባዶ እግርም በጫማም ይሠለጥኑ ነበር። ለአበበ ሁለቱም የተለመዱ ነበሩ፤ ለኋለኛው ታሪክ ቁልፉ ይህ ነው።

በ1952 ዓ.ም. ከወይዘሮ የውብዳር ወልደጊዮርጊስ ጋር ትዳር መሠረተ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ደግሞ ለኦሊምፒክ ወደ ሮም ተጓዘ። ስሙን ከአገሩ ውጭ የሚያውቅ አልነበረም።

ስለ ሮሙ ጫማ የሚነገረው በዝርዝሩ ይለያያል። አንዳንዱ ለስፖርተኞች ጫማ ያቀርብ የነበረው ኩባንያ የቀሩት ጫማዎች ጥቂት ስለነበሩ ለእግሩ የሚሆን አለመገኘቱን ያነሣል። ሌላው የድሮ ጫማው አልቆ ሮም ውስጥ አዲስ መገዛቱን፣ እሱም እግሩን መላጡን ይተርካል። ሁሉም የሚገናኙበት ነጥብ ግን አንድ ነው፤ የተገኘው ጫማ እግሩን አልተስማማውም። በፊቱ ሁለት ምርጫዎች ነበሩ። በሚቆረቁር አዲስ ጫማ 42 ኪሎ ሜትር መሮጥ ወይም በለመደው ባዶ እግር መሮጥ። የለመደውን መረጠ።

ይህን ሳነብ ጫማዬን አነሣሁና ለረጅም ጊዜ ተመለከትኩት። አበበ ያደረገው እኔ ካደረግሁት ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው። እሱ እግሩን አዳምጦ ጫማውን ተወ። እኔ ጫማውን አምኜ እግሬን ተውኩ። በባዶ እግሬ በሮጥኩበት ጠዋትም የደገምኩት ያንኑ ስሕተት ነው። እሱ ለዓመታት የጠነከረ እግር ነበረው፤ የእኔ ውስጥ እግር 42 ዓመት ሙሉ በካልሲና በቆዳ የኖረ ነው።

ውድድሩ የተካሄደው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960። በእኛ አቆጣጠር የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። ከሙቀቱ ለመሸሽ ሩጫው ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ተጀምሮ በጨለማ አለቀ። መነሻው ካምፒዶሊዮ ኮረብታ፣ መድረሻው የቆስጠንጢኖስ ቅስት ነበር። በጥንቱ የአፒያ መንገድ ላይ የጣሊያን ወታደሮች ችቦ ይዘው ቆመው ያበሩ ነበር። አበበ የለበሰው 11 ቁጥር ነበር። ከኒስካነን ጋር ሆነው ተጠንቀቅ የተባለለት ተፎካካሪ የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ሲሆን፣ ይለብሳል ተብሎ የተጠበቀው 26 ቁጥር ነበር። ራዲ ግን 185 ቁጥር ለብሶ መጣ። አበበ ከፊት 26ን እየፈለገ ሲሮጥ፣ ከጎኑ የሚሮጠው ሰው ራሱ ራዲ መሆኑን አላወቀም ነበር።

ሁለቱ ለረጅም ርቀት አብረው ሮጡ። ከመድረሻው በማይርቅ ቦታ ላይ በ1929 ዓ.ም. ከአክሱም ተዘርፎ የተወሰደው ሐውልት ቆሞ ነበር። አበበ ፍጥነቱን የጨመረው እዚያ ነው። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ገባ። የሶቪየቱ ሰርጌይ ፖፖቭ ይዞት ከነበረው የዓለም ፈጣን ሰዓት በ0.8 ሰከንድ የተሻለ ነበር። ራዲ 25 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ተከተለው። ሌላው ኢትዮጵያዊ አበበ ዋቅጅራ 7ኛ ወጣ። ኢትዮጵያም የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ አገኘች።

ጋሼ ይህን ሲተርኩልኝ እጃቸው ወደ ሰሜን፣ ወደ አምባሰል ይጠቁም ነበር። የትውልድ ከተማቸው ውጫሌ በ1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና ጣሊያን ውል የተፈራረሙባት ናት። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛና በጣሊያንኛ የተለያየ ትርጉም በመያዙ የተነሣው ጠብ አድዋን ወለደ። ከአድዋ በኋላ 40 ዓመት ቆይቶ ጣሊያን ተመልሶ መጣ፤ ሐውልቱንም ወሰደ። ለእሳቸው እንግዲህ ከውጫሌ እስከ ሮም ያለው አንድ መንገድ ነው። ሐውልቱም በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዳግም ቆሟል። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ታሪክ መሐል ዓይኔ ከእግሩ ላይ አልተነሣም።

ድሉን ተከትሎ ዓለም ባዶ እግሩን ወደደው። ፎቶግራፉ ዞረ። ብዙ ሰው አፍሪካዊ ጫማ የማይፈልግ ፍጡር አድርጎ ለማሰብ የቸኮለ ይመስላል። በአገር ቤት ያለው እውነት ሌላ ነበር። ባዶ እግር ማለት እሾህ፣ እንቅፋት፣ ሙጀሌ ማለት ነው። በአንዳንድ የአገራችን ደጋማ አካባቢዎች ደግሞ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ገበሬ ደቃቁ የአፈር ብናኝ በቆዳው ገብቶ እግሩን ያሳብጠዋል። ያ ዓይነቱ ዝሆኔ በዓለም በብዛት ከሚገኝባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። መከላከያው ደግሞ ሁለት ቀላል ነገር ነው፤ እግርን መታጠብና ጫማ ማድረግ። ጋሼ የተቆጡኝ ለካ በከንቱ አልነበረም።

አበበ ራሱም የባዶ እግር ሰባኪ ሆኖ አያውቅም። ከሮም ከተመለሰ ከጥቂት ወራት በኋላ የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በክብር ዘበኛ አዛዥ ተመርቶ ከሸፈ። አበበም የጦሩ አባል በመሆኑ ተይዞ ተመርምሮ ተለቀቀ። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ኦሳካ ላይ ለሚደረገው ማራቶን ጃፓን ሄደ። እዚያ ኪሀቺሮ ኦኒትሱካ የሚባል የኮቤ ከተማ ጫማ ሠሪ አገኘው። በኋላ አሲክስ የተባለው ኩባንያ መሥራች ነው። ኦኒትሱካ የጃፓን መንገድ ጠጠርና ስብርባሪ እንዳለበት ነግሮት ጫማ እንዲያደርግ ለመነው። አበበ ሞከረው፤ ተስማማው፤ አድርጎት ሮጠና አሸነፈ። ጉዳዩ ይኸው ነው። የሚቆረቁረውን ተወ፤ የተመቸውን ወሰደ።

ሁልጊዜም አላሸነፈም። በ1955 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ቦስተን ላይ ብርዱና ነፋሱ እግሩን አሥሮት 5ኛ ወጣ። ጨርሶ ሳያሸንፍ የቀረበት ዓለም አቀፍ ማራቶን እሱ ብቻ ነው። ይህን ማወቄ በግሌ አጽናንቶኛል፤ እግር የእሱንም ባለቤት የሚያስቸግርበት ቀን አለ ማለት ነው።

ከዚያ ቶኪዮ መጣ። ከውድድሩ በፊት ስድስት ሳምንት እንኳ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ነበር። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. መነሻው መስመር ላይ ሲቆም እግሩ ላይ ነጭ የፑማ ጫማ ነበር። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ገብቶ የዓለምን ፈጣን ሰዓት ዳግም አሻሻለ። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊው ባዚል ሂትሊ የደረሰው ከ4 ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነው። አበበ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ታየ። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ተከታትሎ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከእሱ በኋላ ይህን የደገሙት የምሥራቅ ጀርመኑ ዋልደማር ሲርፒንስኪና የኬንያው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ብቻ ናቸው። በባዶ እግርም በጫማም የዓለምን ሰዓት የሰበረ ሰው ስለ ጫማ የሚያስተምረው ጫማው ሁለተኛ፣ እግሩ አንደኛ መሆኑን ነው።

እዚህ ላይ ስደርስ ቁስሌ ድኖ ነበር። ወደ ደሴ ተመለስኩ። በዚህ ጊዜ የሄድኩት ከሰዓት በኋላ ነው፤ እግር ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሲውል ትንሽ ስለሚያብጥ ማታ የሚበቃ ጫማ ሲሮጥም ይበቃል። የምሮጥበትን ካልሲ አድርጌ ሄድኩ። ቁጥሬን ከመናገሬ በፊት ወረቀት ላይ ቆሜ የሁለቱንም እግሮቼን ቅርጽ አሥዬ ስለነበር፣ ቀኙ ከግራው እንደሚረዝም ደርሼበታለሁ። በትልቁ እግር መለካት ነው። ከረጅሙ ጣት ጫፍ እስከ ጫማው ጫፍ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ መቅረት አለበት። ተረከዝ መውለቅ የለበትም፤ ጎኑም እግርን መጭመቅ የለበትም። ሁለቱንም አድርጌ ሱቁ ደጃፍ ላይ ወዲያና ወዲህ ሶምሶማ ሮጥኩ። ሰው ሳቀብኝ፤ ግድ አልሰጠኝም። 42 የነበርኩት ሰው ለሩጫ 43 ሆኜ ተገኘሁ።

ሳልባጅም አይቻለሁ። ከላይ አዲስ የሚመስል ስፖንጁ ግን የሞተ ጫማ ብዙ ነው። ሶሉን በአውራ ጣት ሲጫኑት የማይመልስ፣ ወይም ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብል ከሆነ የሌላ ሰው እግር ጨርሶታል ማለት ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለው ለጫማም ይሠራል።

በኋላ ሳነብ የተመራማሪዎቹም ምክር ከዚህ የራቀ ሆኖ አላገኘሁትም። የአሜሪካ ጦር ምልምሎቹን በውስጥ እግራቸው ቅርጽ ለይቶ ለእያንዳንዱ የተለየ ጫማ ሰጥቶ ሞክሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 በታተሙት ውጤቶች መሠረት ጉዳቱ አልቀነሰም። በካናዳ ካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ቤኖ ኒግና ባልደረቦቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሯጭ ጫማ ሲመርጥ ዋናው መመሪያው ምቾት ሊሆን እንደሚገባ ሐሳብ አቅርበዋል። አበበ ይህን ሮም ላይ በአንድ ማታ ወስኖት ነበር።

የአበበ ሕይወት ግን በቶኪዮ አላበቃም፤ እኔን ከሁሉ ይበልጥ የነካኝም ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ተሰለፈ። እግሩ ተጎድቶ ነበር። 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ። ወርቁን ማሞ ወልዴ ወሰደው፤ ድሉ ከኢትዮጵያ እጅ አልወጣም። አምስት ወር ያህል ቆይቶ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ማታ አበበ ቮልስዋገን መኪናውን ሲያሽከረክር ተገለበጠ። አከርካሪው ተጎዳ። ወደ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወስዶ ለወራት ታከመ። እጆቹ ወደ ሥራ ተመለሱ። እግሮቹ አልተመለሱም። ዓለም ያለ ጫማ ያደነቃቸው፣ በጫማም ያደነቃቸው እግሮች ከዚያ ወዲህ አንድ እርምጃ አልተራመዱም።

እሱ ግን መወዳደር አላቆመም። በ1962 ዓ.ም. በዚያው በስቶክ ማንደቪል በሚካሄደው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሳተፈ። በቀጣዩ ዓመት ኖርዌይ ሄዶ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ላይ ተንሸራታች ተወዳድሮ አሸነፈ። በረዶ ሳያይ ያደገ የሰሜን ሸዋ ልጅ ነው እንግዲህ። በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ በሙኒክ ኦሊምፒክ በክብር እንግድነት ተገኘ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአንጎል ውስጥ በደረሰ የደም መፍሰስ አረፈ። ገና 41 ዓመቱ ነበር። አዲስ አበባ በሚገኘው የቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን መካነ መቃብር ሲቀበር ንጉሠ ነገሥቱ ተገኝተዋል፤ ሕዝቡም በአሥር ሺዎች ወጥቶ ሸኘው።

አባቴ እግሩ ከተቆረጠ ጀምሮ ከቤት አይወጣም ነበር። አንድ እሑድ ስልክ ደውዬ ይህን የአበበን ሁለተኛ ሕይወት ነገርኩት። እሱ የሮምና የቶኪዮውን ያውቃል፤ የኖርዌዩን አያውቅም ነበር። ዝም ብሎ አዳመጠኝ። ሲጨርስ ስለ ራሱ ምንም አላለም። እኔን ግን ጫማዬን ከማድረጌ በፊት እጄን ከቶ ውስጡን እንድዳብስ አዘዘኝ፤ ጠጠርም ሆነ የታጠፈ ነገር እንዳይኖር። በሆስፒታሉ የተማረው ነው። ለእሱ የተነገረው ዘግይቶ ነበር።

ዛሬ የአበበን ባዶ እግር የሚሸጠው በዝቷል። አንድ የውጭ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ አምስት ጣት ያለው ስስ ጫማ በቢቂላ ስም ለገበያ አቀረበ። ቤተሰቡ በ2015 አሜሪካ ውስጥ ቢከስም፣ ፍርድ ቤቱ ክሱ ዘግይቷል ብሎ በ2016 ዘጋው። በዚያው በ2010 ደግሞ ኢትዮጵያዊው ሲራጅ ገና የሮም ማራቶንን ሲያሸንፍ የመጨረሻዎቹን ሜትሮች ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ሮጠ፤ የአበበን ድል 50ኛ ዓመት ለማክበር ነው። ይህኛው ልብ ይነካል፤ አብዛኛውን መንገድ ግን የሮጠው በጫማ መሆኑ አይዘንጋ።

በሌላው ጫፍ ያለው ደግሞ የሶል ውፍረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ደራራ ሁሪሳ የቪየና ማራቶንን አንደኛ ሆኖ ከገባ በኋላ፣ የጫማው ሶል ከተፈቀደው 4 ሴንቲ ሜትር አንድ ሴንቲ ሜትር በልጦ ስለተገኘ ድሉ ተሠረዘ። በ2023 ትዕግሥት አሰፋ በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችው 138 ግራም ብቻ በሚመዝን ጫማ ነው። ዋጋው 500 ዶላር የነበረ ሲሆን የተሠራውም ለአንድ ውድድር ያህል እንዲያገለግል ነው። ለጀማሪ እነዚህ ሁሉ የሩቅ ወሬ ናቸው። የእሷ ጫማ ለእሷ እግር፣ ለእሷ ፍጥነት ነው። እኔ ለ10 ደቂቃ ሶምሶማ ያን ብገዛ ያው ብርቱካናማውን ጫማ በውድ ገዛሁ ማለት ነው።

ብርቱካናማው ጫማ ምን ሆነ ለምትሉ፣ እግሩ ከእኔ ለሚያንስ የጎረቤት ልጅ ሰጠሁት፤ በልኩ ሆነለት፤ ኳስ ይጫወትበታል። 43 ቁጥሩ ግራጫ ነበር፤ ምልክቱንም ማንም አያውቀውም። በእሱ 10 ደቂቃዬ 20፣ ቀጥሎም 40 ሆነ። ከሐይቅ ወደ አዲስ አበባ ከተዛወርኩ ዓመታት ቢያልፉም፣ ሦስተኛ ጫማዬን ይዤ አሁንም እሮጣለሁ። ስኳሬ ከድንበሩ ወዲህ ነው። ማለዳ ማለዳ ጫማዬን አነሣና ማሰሪያውን ሳልፈታ በፊት እጄን ከትቼ ውስጡን እዳብሳለሁ።